ጋራዡን መኖሪያ ክፍል ሲያደርጉ፦ በአሜሪካ የኤሌክትሪክ ሕጉና የፈቃዱ ጉዳይ

ወላጆች ከአገር ቤት ሲመጡ፣ ልጆች ሲያድጉ ወይም የቤቱን ወርሃዊ ክፍያ ኪራይ እንዲያግዝ ሲፈለግ፣ አሜሪካ ቤት የገዛ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያስበው ጋራዡን ነው። ጣሪያ አለው፣ ግድግዳ አለው፣ መብራትም ገብቶለታል። ችግሩ የሚጀምረው «መብራትም ገብቶለታል» ከሚለው ላይ ነው። ለጋራዥ የተዘረጋው ኤሌክትሪክ ለመኪና ማቆሚያ እንጂ ሰው ለሚተኛበት ክፍል የታሰበ አይደለም፤ ሕጉም ሁለቱን ለየብቻ ነው የሚያያቸው። ስለዚህ ወለል ከማንጠፍዎና ድራይዎል (የግድግዳ ጂፕሰም ሰሌዳ) ከመግዛትዎ በፊት የኤሌክትሪኩ ጥያቄ መልስ ያግኝ። ዘግይቶ የሚነሳ የኤሌክትሪክ ጥያቄ ተለጥፎ የተቀባ ግድግዳ ያስቀድዳል።

ሕጉ የማን ነው፣ ፈቃዱንስ የሚሰጠው ማን ነው?

የሥራው መሠረት ናሽናል ኤሌክትሪካል ኮድ፣ በአጭሩ ኤንኢሲ የሚባለው ደንብ ነው። በየ3 ዓመቱ ይታደሳል፤ የ2017፣ የ2020፣ የ2023 እትም እየተባለ ይጠራል። ደንቡ ሕግ የሚሆነው ስቴቱ፣ ካውንቲው ወይም ከተማው ሲቀበለው ነው፤ ሲቀበሉትም የራሳቸውን እየጨመሩና እየቀነሱ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ የጸደቀ አሠራር ሲያትል ላይ ላያልፍ ይችላል። ቺካጎ ደግሞ የራሷ ኮድ አላት፤ ሌላው ቦታ በየግድግዳው የሚገባው ሮሜክስ የሚባለው ፕላስቲክ ለበስ ገመድ እዚያ አይፈቀድም፣ ሽቦው በብረት ቱቦ ነው የሚሄደው። እዚህ የሚያነቧቸው ቁጥሮች በ2020 እና በ2023 እትሞች ላይ የተመሠረቱ ናቸው። ከተማዎ በየትኛው እትም እንደሚሠራ የፈቃድ ቢሮው ድረ ገጽ ላይ ተጽፎ ያገኙታል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የሕንፃ ፈቃድ ሲያገኝ ሁሉንም ያገኘ ሲመስለው ነው። የኤሌክትሪክ ፈቃድ በአብዛኛው ቦታ ራሱን የቻለ ነው፤ ቢሮው ራሱ የተለየ የሆነበት ቦታም አለ። በዋሽንግተን ስቴት ለምሳሌ በአብዛኛው አካባቢ የኤሌክትሪክ ፈቃድ የሚሰጠው ከተማው ሳይሆን የስቴቱ የሠራተኛና ኢንዱስትሪ መሥሪያ ቤት ነው፤ ሲያትል ግን በራሷ ትሰጣለች። ቢሮው ጋ ሲደውሉ ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ «የኤሌክትሪክ ፈቃዱን የምትሰጡት እናንተ ናችሁ?» እና «የቤቱ ባለቤት ራሱ መሥራት ይፈቀድለታል?»

የሁለተኛው ጥያቄ መልስ ከቦታ ቦታ በጣም ይለያያል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ባለቤት በራሱ ስም ፈቃድ አውጥቶ በገዛ ቤቱ ሊሠራ ይችላል፤ ቀጥሮ የሚያሠራው ኤሌክትሪሺያን ግን ሲ-10 የሚባለው ላይሰንስ ሊኖረው ይገባል። ሌሎች ቦታዎች ላይሰንስ የሌለው ሰው ፓነል እንዲነካ ጭራሽ አይፈቅዱም። በባለቤት ስም ፈቃድ አውጥቶ ላይሰንስ የሌለውን ወዳጅ ማሠራት በማኅበረሰባችን የተለመደ ነው። ሰውየው ጎበዝ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ቢወድቅ፣ ቢቆረጥ፣ ወይም ቤቱ ቢቃጠል በሕግ ተጠያቂው ፈቃዱን የፈረመው ባለቤት ነው። አዲስ አበባ ሙያውን የተማረ ሰው ደግሞ እዚህ የሚያደናግረው ነገር አለ። አገር ቤት አንድ ፌዝና ኒውትራል 220 ቮልት ይሰጣሉ። እዚህ ወደ ቤት የሚገቡት ሁለት ፌዞች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ከኒውትራል ጋር 120 ቮልት፣ እርስ በርሳቸው 240 ቮልት። ጥቁርና ቀይ ሽቦ ፌዝ፣ ነጭ ኒውትራል፣ አረንጓዴ ወይም ራቁቱን ያለ መዳብ የመሬት ሽቦ ነው።

ክፍሉ ምን እንደሚሆን በማመልከቻው ላይ በእውነት ይጻፉ። «ቢሮ» ብሎ አስፈቅዶ አልጋ ማስገባት ወደፊት ያስጠይቃል፤ መኝታ ቤት የራሱ ጥያቄዎች አሉትና። ጣሪያው ከወለሉ ቢያንስ 7 ጫማ መሆን አለበት። በእሳት ጊዜ ሰው የሚወጣበት መስኮት ያስፈልጋል፤ ስፋቱ ቢያንስ 20 ኢንች፣ ቁመቱ ቢያንስ 24 ኢንች፣ ታችኛው ጠርዙ ከወለል ከ44 ኢንች ያልበለጠ። ክፍሉን 68 ዲግሪ ፋራናይት ማድረስ የሚችል ቋሚ ማሞቂያም ይጠየቃል። ሶኬት ላይ የሚሰካ ተንቀሳቃሽ ማሞቂያ አይቆጠርም። የማሞቂያው ነገር የኤሌክትሪክ ጉዳይም ነው፤ በአብዛኛው ሚኒ ስፕሊት (ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ማሞቂያና ማቀዝቀዣ) ይሆናልና ወደ ጭነት ስሌቱ ይገባል።

ፓነሉ የት ነው ያለው?

በብዙ ቤት ዋናው የብሬከር ፓነል ያለው እዚያው ጋራዡ ውስጥ ነው። የክፍሉን አከፋፈል የሚወስነው እሱ ነው። ከፓነሉ ፊት 30 ኢንች ስፋትና 36 ኢንች ጥልቀት ያለው፣ ምንም የማይቀመጥበት ባዶ ቦታ መኖር አለበት፤ የፓነሉ በርም ቢያንስ 90 ዲግሪ መከፈት አለበት። ፓነል መታጠቢያ ቤት ውስጥ መሆን አይችልም። የልብስ ቁም ሳጥን (ክሎዜት) ውስጥም መሆን አይችልም፣ ልብስ በቀላሉ ይቀጣጠላልና። መኝታ ቤት ግድግዳ ላይ መሆኑ ግን አይከለከልም።

ንድፍ ሲሳል የሚፈጠረው ስህተት የታወቀ ነው። ፓነሉ ያለበት ግድግዳ «አስቀያሚ» ስለሆነ ክሎዜት ይደረግበታል፤ ወይም የውሃ ቱቦው በዚያ በኩል ስለሚያልፍ ሻወሩ እዚያ ይገባል። ኢንስፔክተሩ ያንን ሲያይ ሁለት ምርጫ ብቻ ይቀራል፦ ክፍሉን እንደገና መከፋፈል፣ ወይም ፓነሉን ማዛወር። ፓነል ማዛወር የኤሌክትሪክ ኩባንያውንም የሚያስጠራ ትልቅ ወጪ ነው። ወረቀት ላይ ፓነሉን መጀመሪያ ይሳሉ፤ 30 በ36 ኢንቹን ሳጥን ከፊቱ ይሳሉ፤ ከዚያ ሌላውን ክፍል በዙሪያው ያደላድሉ። በሥዕል ወይም በቁም ሳጥን በር ሊሸፍኑት ካሰቡም በአንድ እጅ በቀላሉ የሚነሳ ይሁን እንጂ ዕቃ አይደርድሩበት።

ፓነሉን ሲከፍቱ ዕድሜውንም ይዩ። ፌዴራል ፓሲፊክ ስታብ-ሎክ ወይም ዚንስኮ የሚል ከሆነ ብዙ የቤት መርማሪዎች እንዲቀየር ይመክራሉ፤ አዲስ መስመር ከመጨመር በፊት ላይሰንስ ያለው ሰው ይየው። ቤቱ ከ1965 እስከ 1973 ባለው ጊዜ የተሠራ ከሆነ ውስጡ የአሉሚኒየም ሽቦ ሊኖር ይችላል። አሉሚኒየምን ከመዳብ ጋር በተራ የሽቦ ቆብ አጠማዞ ማገናኘት መጋጠሚያው እየላላና እየጋለ እንዲሄድ ያደርጋል፤ ለዚሁ የተሠራ ማገናኛ ያስፈልጋል።

ስሌቱ፦ 100 አምፔር ይበቃል?

ፓነሉ ላይ ባዶ ቦታ መኖሩ ጉልበት አለው ማለት አይደለም። ኢንስፔክተሩ የሚጠይቀው የጭነት ስሌት ነው። ለነባር ቤት የሚፈቀደውን አቋራጭ ስሌት በምሳሌ እንይ።

ቤቱ 1,600 ካሬ ጫማ፣ ጋራዡ 400 ካሬ ጫማ፣ ዋናው ብሬከር 100 አምፔር ነው እንበል። ለአጠቃላይ መብራትና ሶኬት በካሬ ጫማ 3 ቮልት-አምፔር ይያዛል፤ ጋራዡ ክፍል ሲሆን 2,000 ካሬ ጫማ በ3 ሲባዛ 6,000 ይሆናል። ለወጥ ቤት ሁለት መስመሮች 3,000፣ ለልብስ ማጠቢያ መስመር 1,500፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ 12,000፣ ማድረቂያ 5,000፣ የውሃ ማሞቂያ 4,500፣ ዕቃ ማጠቢያ 1,200 እንጨምር። ድምሩ 33,200 ነው። ከዚህ የመጀመሪያው 8,000 ሙሉ በሙሉ ይቆጠራል፤ የቀረው 25,200 በ40 በመቶ፣ ማለትም 10,080። እስካሁን 18,080። የቤቱ አየር ማቀዝቀዣ 5,000፣ አዲሱ ሚኒ ስፕሊት 1,800፤ እነዚህ ያለ ቅናሽ ይገባሉ። ጠቅላላው 24,880። ለ240 ሲካፈል 103.7 አምፔር ይመጣል።

ጋራዡና ሚኒ ስፕሊቱ ሳይጨመሩ ያው ቤት 94 አምፔር አካባቢ ነበር። ማለትም አንድ ክፍልና አንድ ማሞቂያ ቤቱን ከ100 አምፔሩ በላይ አደረሱት። «ለአንድ ክፍል ይህን ያህል ምን አለው» የሚባለው ለዚህ ነው ልክ የማይሆነው።

ይህ ሲመጣ የግድ ወደ 200 አምፔር መዝለል ላያስፈልግ ይችላል። ደንቡ ሌላ መንገድ ይፈቅዳል፦ የቤቱን የአንድ ዓመት ትክክለኛ ፍጆታ ከኤሌክትሪክ ኩባንያው ወስዶ ከፍተኛውን የ15 ደቂቃ ፍላጎት በ125 በመቶ ማባዛትና አዲሱን ጭነት መጨመር። ከፍተኛው 9 ኪሎዋት ከነበረ 11.25 ይሆናል፤ ለክፍሉ 1.2 እና ለሚኒ ስፕሊቱ 1.8 ሲጨመር 14.25 ኪሎዋት፣ ይኸውም 59 አምፔር ተኩል ገደማ። ያው ቤት በዚህኛው መንገድ አለፈ ማለት ነው። ኩባንያው መረጃውን በድረ ገጹ ላይ ሊሰጥዎ ስለሚችል አስቀድመው ይጠይቁ። ምድጃውን ወይም ማድረቂያውን ወደ ጋዝ መቀየር፣ ወይም ሁለት ትላልቅ ዕቃዎች በአንድ ጊዜ እንዳይሠሩ የሚቆጣጠር መሣሪያ መግጠምም ይቻላል።

ወደ 200 አምፔር ማሳደግ ካልቀረ አብረው የሚመጡትን ይወቁ። የመግቢያው ሽቦ ቁጥር 2/0 መዳብ ወይም 4/0 አሉሚኒየም ይሆናል። ከ2020 እትም ጀምሮ እሳት አደጋ ሠራተኞች ከውጭ የሚያጠፉት የአደጋ ጊዜ መቁረጫና ከከፍተኛ ቮልቴጅ የሚከላከል መሣሪያም ግዴታ ሆነዋል። ዋጋ ሲጠይቁ እነዚህ መካተታቸውን ያረጋግጡ፤ ርካሽ ሆኖ የሚመጣው ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ እነዚህን የረሳው ነው።

መስመሮቹና ሶኬቶቹ

ጋራዥ ውስጥ ሶኬት በየስንት ጫማው ይኑር የሚል ደንብ የለም፤ መኖሪያ ክፍል ውስጥ ግን አለ። በግድግዳው ሥር ከየትኛውም ነጥብ ተነስተው 6 ጫማ ሳይሄዱ ሶኬት ማግኘት አለብዎ፤ ምክንያቱ የመብራትና የሌላ ዕቃ ገመድ ወደ 6 ጫማ ስለሆነና ማከፋፈያ እንዳይጎተት ነው። በሁለት ሶኬቶች መካከል 12 ጫማ ይፈቀዳል ማለት ነው። 2 ጫማ ወይም ከዚያ በላይ ስፋት ያለው ማንኛውም ግድግዳ ይቆጠራል። ከ5 ጫማ ተኩል በላይ የተሰቀለ ሶኬት፣ የጋራዥ በር መክፈቻው ሞተር የሚሰካበትን የጣሪያ ሶኬት ጨምሮ፣ አይቆጠርም። 20 በ20 ለሆነ ክፍል 7 ቢበቃም በሮች ስለሚቆራርጡት በተግባር 8 ወይም 9 ይሆናል።

የሚረሳው ግድግዳ የመኪናው በር የነበረበት አዲሱ ግድግዳ ነው። ከሥሩ ኮንክሪት ስለሆነ ገመድ በታች አይመጣለትም፤ በጣሪያው በኩል መውረድ አለበት። ይህ ካልታሰበበት 16 ጫማ ርዝመት ያለው ግድግዳ ያለ አንድ ሶኬት ይቀራል፣ ኢንስፔክተሩም መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።

ክፍሉ ጋራዥ መሆኑ ሲቀር የጥበቃው ዓይነትም ይቀየራል። የጋራዥ ሶኬት የሚፈልገው ጂኤፍሲአይ ነው፤ ወደ መሬት የሚያፈስ ከ4 እስከ 6 ሚሊአምፔር የሚሆን ጅረት ሲያገኝ ቆርጦ ሰውን ከመያዝ ያድናል። መኝታ ቤትና ሳሎን የሚፈልጉት ኤኤፍሲአይ ነው፤ የላላ ወይም የተበሳ ሽቦ የሚፈጥረውን ብልጭታ ለይቶ እሳት ከመነሳቱ በፊት ይቆርጣል። ነባሩን የጋራዥ መስመር አራዝሞ ለመኝታ ቤት መጠቀም ያን መስመር በኤኤፍሲአይ ማስጠበቅን ይጠይቃል። ከእቃ ማጠቢያ ገንዳ በ6 ጫማ ውስጥ ላለ ሶኬት፣ ለመታጠቢያ ቤትና ለልብስ ማጠቢያ አካባቢ ጂኤፍሲአይ ግዴታ ነው። ሁለቱን ባንድ የያዘ ብሬከር ስላለ፣ ዋጋው ትንሽ ቢጨምርም ክርክሩን ይዘጋል። ሶኬቶቹ በሙሉ ሕፃናት ነገር እንዳያስገቡባቸው መዝጊያ ያላቸው መሆን አለባቸው።

ለ400 ካሬ ጫማ ደንቡ በአንድ ባለ 15 አምፔር መስመር ይረካል። እኛ ግን ሁለት ባለ 20 አምፔር መስመር በ12 ቁጥር ሽቦ (ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው ይወፍራል)፣ መብራቱን ደግሞ በ14 ቁጥር ለብቻው በ15 አምፔር እንመክራለን። ወላጆች የሚያድሩበት ክፍል ከሆነ ክረምት ላይ ተጨማሪ ማሞቂያ መሰካቱ አይቀርም፤ አንድ 1,500 ዋት ማሞቂያ ብቻውን 12.5 አምፔር ይወስዳል። ባለ 15 አምፔር መስመር ለሰዓታት ሊሸከም የሚገባው 12 ነው። 14 ቁጥር ሽቦ ላይ ባለ 20 ብሬከር ማስገባት መፍትሔ አይደለም፤ ብሬከሩ ሳይቆርጥ ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ይግላል።

መታጠቢያ ቤት ከጨመሩ የራሱ ባለ 20 አምፔር መስመር ይኑረው፤ ሶኬቱም ከገንዳው ጠርዝ በ3 ጫማ ውስጥ ይሁን። ወጥ ቤት ከሆነ ቢያንስ ሁለት ባለ 20 አምፔር መስመሮች ለጠረጴዛው ብቻ ይመደባሉ። የጋራዡ ግማሽ ብቻ ከተቀየረ ደግሞ የቀረው ግማሽ ጋራዥ ነው፤ የእሱ ባለ 20 መስመር መኝታ ቤቱን መመገብ የለበትም፣ ከጋራዡ በቀጥታ ወደ መኝታ ቤት የሚከፈት በርም አይፈቀድም።

ጭስ ጠቋሚዎች በመኝታ ክፍሉ ውስጥና ከክፍሉ ውጭ ይፈለጋሉ፤ አንዱ ሲጮህ ቤቱ ሁሉ እንዲጮህ የተያያዙ። ጋዝ የሚጠቀም ዕቃ ካለ ወይም የተያያዘ ጋራዥ ከቀረ የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚም ይጨመራል። ግድግዳ ካልከፈቱ በባትሪ የሚሠራ ሊፈቀድ ይችላል፤ በሬዲዮ የሚገናኙትንም ብዙ ቦታ ይቀበላሉ።

ስለ ምጣዱ

እንጀራው የሚጋገረው ጋራዥ ውስጥ የሆነበት ቤት ብዙ ነው፤ እንፋሎቱ ሳሎን እንዳይገባ። ጋራዡ ክፍል ሲሆን ምጣዱ የት እንደሚሄድ ካልታሰበ ከአልጋው አጠገብ ካለው ሶኬት ላይ ይሰካል።

እዚህ የሚሸጠው ባለ 120 ቮልት የኤሌክትሪክ ምጣድ 1,500 ዋት ከሆነ 12.5 አምፔር ይወስዳል። ሌላ ምንም የማይሰካበት ባለ 20 አምፔር መስመር፣ 12 ቁጥር ሽቦ፣ አንድ ሶኬት ይስጡት። ጋገራው ግማሽ ቀን የሚወስድ ነው፤ አብሮት ማቀዝቀዣ ፍሪጅ ያለበት መስመር ቅዳሜ ጠዋት ይቆርጥና ፍሪጁ ሳይታወቅ ጠፍቶ ይውላል።

ከአገር ቤት የመጣው ምጣድ ሌላ ስሌት ይፈልጋል። 3,500 ዋት ተብሎ ለ220 ቮልት የተሠራ ምጣድ በ240 ቮልት ሲሰካ ኃይሉ 19 በመቶ ያህል ይጨምራል፦ ወደ 4,165 ዋት፣ 17.4 አምፔር። ከ3 ሰዓት በላይ የሚሠራ ጭነት በ125 በመቶ ስለሚታሰብ 21.7 ይሆናል። ስለዚህ ባለ 20 አምፔር መስመር አይበቃውም፤ ባለ 30 አምፔር ድርብ ብሬከር፣ 10 ቁጥር ሽቦና ለ30 አምፔር የተሠራ ባለ 240 ቮልት ሶኬት ያስፈልጋል። የምጣዱ ማሞቂያ ጠመዝማዛ ሽቦ ከተሠራበት በላይ ስለሚግል ዕድሜው ያጥራል፤ እንጀራውም ዳሩ ሳይበስል መሃሉ ያርራል። ገመዱ የመሬት ሽቦ ከሌለውና የውጭ አካሉ ብረት ከሆነ ሦስተኛ ሽቦ ሳይገጠምለት አይሰካ። ከተቻለ የዩኤል ወይም የኢቲኤል የደህንነት ፍተሻ ምልክት ያለበት፣ ለዚህ አገር ቮልቴጅ የተሠራ ምጣድ ይግዙ።

«ጂኤፍሲአዩ ምጣዱን አይችልም» እየተባለ ጥበቃው ሲነቀል ይታያል። አብዛኛውን ጊዜ የቆረጠው እርጥበት የገባው ሸክላ ወይም ያረጀ ጠመዝማዛ ጅረት ወደ ብረቱ ስለሚያፈስ ነው። ያ ጅረት ጥበቃው ሲነሳ አይጠፋም፤ በእርጥብ እጅ ምጣዱን የሚነካውን ሰው ይጠብቃል። መጠገን ያለበት ምጣዱ ነው።

ከቤቱ ተለይቶ የቆመ ጋራዥ

ለብቻው የቆመ ጋራዥ አንድ መመገቢያ መስመር ብቻ ይፈቀድለታል። አንዱን ከወጥ ቤት፣ ሌላውን ከሳሎን ስቦ ማምጣት አይቻልም፤ ሰብፓነል (ከዋናው ፓነል የሚመገብ ሁለተኛ ፓነል) ማስገባት ይሻላል። ለ60 አምፔር ሰብፓነል በቱቦ ውስጥ 6 ቁጥር የመዳብ ሽቦ ይበቃል። ያው 6 ቁጥር ሮሜክስ ሆኖ በተያያዘ ጋራዥ ግድግዳ ውስጥ ሲሄድ የሚፈቀድለት 55 አምፔር ነው፤ ስሌቱ ከ55 ካልበለጠ ብቻ በባለ 60 ብሬከር ሊጠበቅ ይችላል።

አራት ሽቦ መሄድ አለበት፦ ሁለት ፌዝ፣ ኒውትራል፣ የመሬት ሽቦ። በሰብፓነሉ ውስጥ ኒውትራሉና የመሬት ሽቦው ተለያይተው በየራሳቸው ባር ላይ ይታሰራሉ፤ ከፓነሉ ጋር የሚመጣው አረንጓዴ ብሎን ወይም ማያያዣ መዳብ አይገጠምም። ሁለቱ ከተገናኙ የኒውትራሉ ጅረት በመሬት ሽቦውና በብረት አካላት ላይ መሄድ ይጀምራል። ይህ በሰብፓነል ላይ ከሚገኙት ስህተቶች ሁሉ የበዛው ነው። በተለየ ሕንፃ ላይ የመሬት ዘንግም ይተከላል፤ ብዙ ቦታ የሚቀበሉት 8 ጫማ ርዝመት ያላቸው ሁለት ዘንጎች፣ በመካከላቸው ቢያንስ 6 ጫማ ርቀት ያላቸው፣ በ6 ቁጥር መዳብ የተያያዙ ናቸው።

የቁፋሮው ጥልቀት እንደ ዕቃው ነው፦ በቀጥታ የሚቀበር ዩኤፍ ገመድ 24 ኢንች፣ የፒቪሲ ቱቦ 18 ኢንች፣ ወፍራም የብረት ቱቦ 6 ኢንች። ከመቆፈርዎ በፊት 811 ይደውሉ፤ የጋዝና የኤሌክትሪክ መስመሩን በነፃ መጥተው ምልክት ያደርጉበታል። ጉድጓዱም በኢንስፔክተር ሳይታይ አይሸፈንም።

የመጀመሪያው ፍተሻ

ገመዱ ተዘርግቶ፣ ሳጥኖቹ ተተክለው፣ ኢንሱሌሽንና ድራይዎል ሳይገባ ኢንስፔክተሩ ይጠራል። ሶኬትና ማብሪያ አይገጠሙም፤ በየሳጥኑ ያሉት የመሬት ሽቦዎች ግን ተጠማዘው መያያዝ አለባቸው። ከሳጥኑ ውስጥ ቢያንስ 6 ኢንች ሽቦ ይተርፍ። ሮሜክሱ ከሳጥኑ በ12 ኢንች ውስጥ፣ የውስጥ ማያዣ በሌለው ባለ አንድ ሶኬት ፕላስቲክ ሳጥን ከሆነ በ8 ኢንች ውስጥ፣ ከዚያም በየ4 ጫማ ተኩሉ ይታሰር።

በእንጨት ውስጥ የሚበሳ ቀዳዳ ከእንጨቱ ጠርዝ 1¼ ኢንች መራቅ አለበት። በ2 በ4 እንጨት መሃል ላይ ¾ ኢንች ከበሱ ያልፋሉ። ጋራዡ የብሎኬት ከሆነና ግድግዳው በ2 በ2 እንጨት ከተለበጠ ግን ያን ርቀት ማግኘት አይቻልም፤ ገመዱ ባለፈበት ሁሉ የብረት ሳህን ይመታል። ሳህኑ ከተረሳ የድራይዎሉ ብሎን ገመዱን ይበሳዋል፤ ኤኤፍሲአዩም ክፍሉ ከተቀባ በኋላ ያለ ምክንያት የሚቆርጥ ይመስላል።

ሳጥን መሙላት ሌላው የመውደቂያ ምክንያት ነው። 18 ኪዩቢክ ኢንች ሳጥን ውስጥ ሁለት ባለ 12 ቁጥር ገመድ፣ አንድ ሶኬትና የውስጥ ማያዣ ሲገቡ በትክክል ይሞላል፦ ለአራቱ ሽቦዎች 9፣ ለመሬት ሽቦዎቹ 2.25፣ ለማያዣው 2.25፣ ለሶኬቱ 4.5። ሦስተኛ ገመድ ከመጣ 22.5 ይፈለጋል። የዋጋው ልዩነት የሳንቲሞች ስለሆነ መጀመሪያውኑ ጥልቁን ሳጥን ይግዙ።

ሽቦ የተጋጠመበት ሳጥን በድራይዎል ሥር መቀበር የለበትም። የጋራዡ በር መክፈቻ ሶኬት የነበረበት ሳጥን ሽቦ ካለበት ባዶ ክዳን ይደረግበትና ይታያል። ጣሪያው ውስጥ የሚቀበሩ መብራቶች ኢንሱሌሽን እንዲነካቸው የተፈቀደላቸው ዓይነት መሆናቸውን ካርቶኑ ላይ ያንብቡ። ወለሉ በእንጨት ከፍ የሚል ከሆነ ደግሞ ከፍታው ሳይታወቅ ሳጥን አይተከል፤ የጣሪያው 7 ጫማም የሚለካው ከአዲሱ ወለል ነው።

ያለ ፈቃድ የተሠራውስ?

ቤቱን ሲገዙት ጋራዡ ቀድሞ ተቀይሮ የነበረ ሊሆን ይችላል። የፈቃድ ታሪኩን ከከተማው በአድራሻው ይጠይቁ። ፈቃድ ከሌለው ላይሰንስ ያለው ኤሌክትሪሺያን ፓነሉን ከፍቶ፣ ሶኬቶቹን አውጥቶ፣ ጣሪያው ውስጥ ገብቶ የሚያየውን በጽሑፍ እንዲሰጥዎ አስቀድመው ያድርጉ። ከዚያ ባለው ሁኔታ የተሳለ ንድፍና የጭነት ስሌት ይዘው ያመልክቱ። ብዙ ከተሞች ያለ ፈቃድ ለተጀመረ ሥራ ተጨማሪ ክፍያ ይጠይቃሉ፤ ገመዱን ለማየትም ድራይዎሉ በተወሰኑ ቦታዎች ይከፈታል። ከሳጥኖቹ በላይና ከፓነሉ አጠገብ ንጹሕ አራት ማዕዘን ቆርጦ ማሳየት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል፣ ግን ከመቁረጥዎ በፊት ኢንስፔክተሩን የት እንደሚፈልግ ይጠይቁት።

ካሊፎርኒያ ውስጥ ሁኔታው ለባለቤት የተሻለ ነው። ከጃንዋሪ 1፣ 2020 ጀምሮ ጋራዥ ወደ ተጨማሪ መኖሪያ ቤት ሲቀየር ከተማው ምትክ የመኪና ማቆሚያ አይጠይቅም፤ የተሟላ ማመልከቻም በ60 ቀን ውስጥ ውሳኔ ማግኘት አለበት። ከጃንዋሪ 1፣ 2025 ጀምሮ ደግሞ ከ2020 በፊት ያለ ፈቃድ የተሠሩትን ከተማው ለጤናና ለደህንነት አደገኛ ካልሆኑ በስተቀር ሕጋዊ ከማድረግ ሊከለክል አይችልም። ለደህንነት አደገኛ የሚባሉት ውስጥ ኤሌክትሪኩ ስላለ መጀመሪያ እሱን ያስተካክሉ።

ፈቃድ ወስዶ መተውም ያስቀጣል። በብዙ ቦታ ሥራው 180 ቀን ካልተጀመረ ወይም ከተቋረጠ ፈቃዱ ይሞታል፤ እያንዳንዱ ያለፈ ፍተሻ ግን ሥራው እንደቀጠለ ያሳያል። ለመጨረሻው ፍተሻ ሶኬቶቹ፣ ማብሪያዎቹና ክዳኖቹ ይገጠሙ፣ የጂኤፍሲአይና የኤኤፍሲአይ መፈተኛ ቁልፎች ይሞከሩ፣ የፓነሉ በር ላይ እያንዳንዱ ብሬከር የሚመግበው ክፍል በስሙ ይጻፍ። «የሠናይት ክፍል» ተብሎ መጻፍ አይፈቀድም፣ ቤቱን ነገ የሚገዛው ሰው ማን እንደሆነች አያውቅምና፤ «የቀድሞ ጋራዥ፣ ምሥራቅ ግድግዳ ሶኬቶች» ይባላል። የጸደቀውን የፍተሻ ካርድ ፎቶ አንስተው ከቤቱ ሰነድ ጋር ያስቀምጡ፤ ለኢንሹራንስ ኩባንያዎም የክፍሉን መቀየር ያሳውቁ።